ማይክሮፎንን የሚያስመስል ሶፍትዌርና የመሰንቆ ድምፅ፦ ከሐሙሲት እስከ ደብረ ታቦር

በሐሙሲት ድምፅ ለመቅረጽ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚታገለው ከማይክሮፎኑ ጋር ሳይሆን ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጋች የደራ ወረዳ ከተማ ናት፤ የጭነት መኪናው፣ የባጃጁና የወፍጮው ድምፅ ከማለዳ እስከ ምሽት አይለያትም፤ በገበያ ቀን ደግሞ የሰውና የከብቱ ሁካታ ይጨመርበታል። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሥራውን ያስቆማል። በዚህ ሁሉ መካከል ግድግዳውን በብርድ ልብስና በስፖንጅ ፍራሽ ሸፍኖ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ አነስተኛ የድምፅ ካርድና አንድ ማይክሮፎን ይዞ የሚሠራ ወጣት ቀራጭ፣ ሶፍትዌሩን ከፍቶ ከዝርዝሩ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1949 በርሊን ውስጥ ተሠርቶ ለገበያ የቀረበውን ኖይማን ዩ 47 ማይክሮፎን ይመርጥና በመሰንቆው ድምፅ ላይ ሊጭነው ይችላል። እውነተኛው ዩ 47 በሰብሳቢዎች ገበያ ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣል። ሶፍትዌሩ ከዚህ ዕቃ ምን ያህሉን ይሰጣል? የማይሰጠውስ የትኛውን ነው? ጥያቄው የሙዚቃ አቀናባሪ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ገጽ ላይ ባልተነሣ ነበር። ዳሩ ግን ዛሬ በደቡብ ጎንደር የሚቀረጸው የአዝማሪ ዜማና የማኅሌት ድምፅ ነገ የጥናት ማስረጃ ይሆናል፤ ማስረጃው በየትኛው ጆሮ እንደተሰማ ማወቅ ደግሞ የተመራማሪ ግዴታ ነው።

«አስመሳይ» የሚለው ቃል በአማርኛ መልካም ስም የለውም፤ ስለዚህ «ማይክሮፎን ማስመሰያ» የሚለው ስያሜ ገና ከመነሻው ሶፍትዌሩን የሚከስስ ይመስላል። ነገሩ ግን በመሠረቱ ማጣሪያ ነው። ማንኛውም ማይክሮፎን የሚደርሰውን የአየር ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲለውጥ ሁሉንም ድግግሞሽ እኩል አያስተናግድም፤ አንዱ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል፣ ሌላው ቀጭኑን ያለዝባል፣ ሦስተኛው በ5,000 ኸርትዝ አካባቢ ጉብታ ይሠራል። ለድምፅ ምንጩ ሲቀርብ የሚያሳየው የወፍራም ድምፅ መጨመር፣ ማለትም የቅርበት ተጽዕኖ፣ ከማይክሮፎን ማይክሮፎን ይለያያል። በውስጡ ያለው ቫክዩም ቲዩብና ትራንስፎርመርም ድምፁ ሲበረታ የራሳቸውን መዛባት ያክሉበታል። ሶፍትዌሩ የሁለት ማይክሮፎኖችን ጠባይ በልኬት ያውቅና በመካከላቸው ያለውን ልዩነት በተቀረጸው ድምፅ ላይ ያውላል፤ በአንዱ የተቀዳው በሌላው የተቀዳ እንዲመስል ያደርጋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አንታሬስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 አውቶ ቲዩንን ካወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2000 አካባቢ፣ የመጀመሪያውን ታዋቂ የማይክሮፎን ማስመሰያ ለገበያ አቀረበ። አውቶ ቲዩን በኢትዮጵያ ዘፈን ውስጥ ያልሰማው ጆሮ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል፤ ወንድሙ ግን ከመጋረጃ በስተጀርባ ቀርቶ ኖሯል። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ስሌት ዲጂታልና ታውንሴንድ ላብስ የተባሉት ኩባንያዎች ሌላ መንገድ ያዙ፤ ሶፍትዌሩን ብቻ ሳይሆን ማይክሮፎኑንም አብረው መሸጥ ጀመሩ። ታውንሴንድ ላብስን በ2021 ዩኒቨርሳል ኦዲዮ ገዝቶታል። ሶፍትዌሩ ለብቻው መሸጡ ቀርቶ ከማይክሮፎን ጋር መጣመሩ የንግድ ብልጠት ብቻ አልነበረም፤ የፊዚክስ ምክንያት አለው።

ማስመሰያው ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን ከወዴት እንደሚነሣም ማወቅ አለበት። የመነሻው ማይክሮፎን ጠባይ ካልታወቀ ልዩነቱን ማስላት አይቻልም። ቀደምቱ ሶፍትዌር ተጠቃሚውን «የምትጠቀመው ማይክሮፎን የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ተጠቃሚውም ለምሳሌ ሹር ኤስኤም 57 ብሎ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ይህ ማይክሮፎን ከ40 እስከ 15,000 ኸርትዝ የሚቀበል፣ በ5,000 እና በ6,000 ኸርትዝ መካከል ጎላ የሚል፣ ጠንካራና ርካሽ ዕቃ ነው፤ በመላው ዓለም የሚታወቅም ነው። በመታወቁም ምክንያት አስመስለው የሚሠሩት በዝተዋል። ሳጥኑም፣ ጽሑፉም፣ ክብደቱም እውነተኛውን የሚመስል፣ ውስጡ ግን ሌላ የሆነ ኤስኤም 57 በብዙ አገር ገበያ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ማይክሮፎን ይዞ «መነሻዬ ኤስኤም 57 ነው» ለሚል ቀራጭ ሶፍትዌሩ የሌለውን ጉብታ ይቀንስለታል፣ ያለውን ጉድለት ይተወዋል፤ ውጤቱ የማስመሰያ ማስመሰያ ይሆናል። ማይክሮፎኑን ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ መሸጥ ይህን ቀዳዳ ይደፍናል።

የማይደፈን ቀዳዳም አለ። የመነሻው ማይክሮፎን ጨርሶ ያልሰማውን ድምፅ ማጣሪያ አይወልደውም። አንድ ማይክሮፎን በ16,000 ኸርትዝ ድምፁን በ20 ዴሲቤል ቢያሳንስ፣ ያንን መመለስ ማለት በዚያ ድግግሞሽ ያለውን ሁሉ በ10 እጥፍ ማብዛት ነው፤ ከመሰንቆው ጋር የማጉያውም ሹክሹክታ፣ የአስፋልቱም ድምፅ አብሮ በ10 እጥፍ ይበዛል። ጸጥ ባለ ስቱዲዮ ይህ ችግር ቀላል ነው። በሐሙሲት ዋና መንገድ ዳር ግን ማጣሪያው ያጎላው የመሰንቆው ጭራ ይሁን የባጃጁ ሞተር ለመለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለአካባቢው ድምፅ ወሳኙ የአቅጣጫ ጉዳይ ነው፤ የማስታወቂያው ጽሑፍ በጥቂት ቃል የሚያልፈውም እርሱን ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ አዝማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሰንቆውን በጉልበቱ መካከል ይዞ እየመታ ይዘፍናል እንበል። ማይክሮፎኑ አንድ ብቻ ነው፤ ከአፉ ፊት ለፊት በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ቆሟል። የመሰንቆው ሳጥን ከማይክሮፎኑ ከፍታ 60 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአዝማሪው ድምፅ ማይክሮፎኑን ፊት ለፊት ሲያገኘው የመሰንቆው ድምፅ 63 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፣ 67 ሴንቲሜትር ተጉዞ ይደርሳል። ርቀቱ ብቻ 7 ዴሲቤል ያሳንሰዋል፤ ልብ መሰል አቀባበል ያለው ማይክሮፎን ደግሞ በዚያ ማዕዘን፣ በንድፈ ሐሳቡ ልክ ቢሠራ፣ 3 ዴሲቤል ያህል ይቀንስበታል። እውነተኛ ማይክሮፎን ግን በንድፈ ሐሳቡ ልክ አይሠራም። የ10,000 ኸርትዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 3.4 ሴንቲሜትር ነው፤ የዩ 47 ካፕሱል ስፋትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሞገዱና ካፕሱሉ በስፋት ሲቀራረቡ ከጎን የሚመጣው ቀጭን ድምፅ ከፊት ከሚመጣው እጅግ የተለየ አቀባበል ይገጥመዋል። እያንዳንዱ ታዋቂ ማይክሮፎን ከጎን የሚመጣውን የሚሰማበት የራሱ መንገድ አለው፤ ባለሙያዎች «ጠባዩ» የሚሉት ነገር ከፊሉ ይኸው ነው።

እንግዲህ ባለአንድ መስመር ማይክሮፎን ሁለቱን ድምፆች፣ የአዝማሪውን ጉሮሮና የመሰንቆውን ጭራ፣ ደምሮ አንድ ሞገድ አድርጎ ያስተላልፋቸዋል። ከተደመሩ በኋላ የትኛው ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የሚነግር ምልክት አይቀርም። ማጣሪያው የፊት ለፊቱን የዩ 47 ጠባይ ለሁለቱም እኩል ይጭናል። ጉሮሮው በእርግጥ ዩ 47ን ሊመስል ይችላል። መሰንቆው ግን በዓለም ላይ በሌለ ማይክሮፎን የተቀዳ ይሆናል፤ ከፊት ዩ 47፣ ከጎን ሌላ በሆነ ፍጥረት። አድማጭ ይህን ያስተውላል ወይ ቢባል፣ ዘፈኑን ለመዝናናት የሚሰማው ላያስተውል ይችላል፤ ቅሬታም አይኖረውም። ስለ መሰንቆው የድምፅ ይዘት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ግን የሚለካው የትኛውን እንደሆነ ሳያውቅ ሊለካው ነው።

የመሰንቆ ድምፅ በዚህ ረገድ የዋህ ምሳሌ አይደለም። አንድ የፈረስ ጭራ ገመድ፣ በቆዳ የተለበጠ ባለአራት ማዕዘን ሳጥን፣ ሙጫ የተቀባ ደጋን፤ ዕቃው ይኸው ነው። ጭራ በጭራ ላይ ሲገዘገዝ ከዜማው ጋር የማይለይ የፍትጊያ ድምፅ አብሮ ይወጣል። ጥሩ መሰንቆ መቺ ይህን ፍትጊያ እንደ ጉድለት አይቆጥረውም፤ ቃሉን ከዜማው ጋር የሚያያይዝበት መሣሪያው ነው። የማስመሰያ ሶፍትዌር ዝርዝር ውስጥ ያሉት ታዋቂ ማይክሮፎኖች ስም ያተረፉት ግን በአብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ዘፋኞች ድምፅ ላይ ነው፤ «ሞቅ ያለ»፣ «ለስላሳ» ተብለው የሚመሰገኑትም ሻካራውን ስለሚያለዝቡ ነው። ይህ ምስጋና ለመሰንቆ ሲተላለፍ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። የበገና ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። የበገናው ጅማት ከመቀመጫው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ድምፁን የሚያነዝርና በሃርሞኒክስ የሚሞላ ነው፤ በሌላ አነጋገር መዛባቱ በመሣሪያው ውስጥ አስቀድሞ ተሠርቷል። በዚህ ላይ የቲዩብ መዛባት የሚጨምር ሶፍትዌር የትኛው ንዝረት የእንዚራው፣ የትኛው የስሌቱ እንደሆነ የማይለይበት ድብልቅ ይፈጥራል።

ወደ አቅጣጫው ጉዳይ እንመለስና፣ ከላይ የተጠቀሰው አዲሱ መንገድ መፍትሔውን ያገኘው ከአሮጌ ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ብራውንሙልና ቬበር የተባሉ ጀርመናውያን መሐንዲሶች ጀርባ ለጀርባ የተያያዙ ሁለት ስስ ሽፋኖች ያሉት ካፕሱል ሠርተው ነበር። አንዱ ሽፋን ከፊት፣ ሌላው ከኋላ የሚመጣውን አብልጦ ይሰማል። ሁለቱ ሲደመሩ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሰማ፣ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ስምንት መሰል አቀባበል ያለው ማይክሮፎን ይገኛል። የዩ 47 ካፕሱልም የዚህ ቤተሰብ ነው። የታውንሴንድ ላብስ ማይክሮፎን ያደረገው ነገር ሁለቱን ሽፋኖች በማይክሮፎኑ ውስጥ ከማዋሐድ ይልቅ በሁለት መስመር ለየብቻ አውጥቶ ማስቀረጽ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱን መስመሮች በየድግግሞሹ በተለያየ ሚዛን እያዋሐደ፣ በ200 ኸርትዝ አንድ ዓይነት፣ በ8,000 ኸርትዝ ሌላ ዓይነት የአቅጣጫ አቀባበል ይሠራል። በዚህ አሠራር በ63 ዲግሪ ያለው መሰንቆና ፊት ለፊት ያለው ጉሮሮ የተለያየ ማጣሪያ ያገኛሉ፤ የቅርበት ተጽዕኖውም ወደ እውነቱ ይጠጋል። ይሁን እንጂ ሁለት ሽፋን የሚነግረው የፊትንና የኋላን ልዩነት ብቻ ነው። ከግራ የመጣውን ከቀኝ ከመጣው አይለይም፤ በከፍተኛ ድግግሞሽ የእውነተኛው ማይክሮፎን አቀባበል የሚያሳየውን ውስብስብ ቅርጽም በሙሉ ሊደርስበት አይችልም። ከባለአንድ መስመሩ ይሻላል፤ እውነተኛው ማይክሮፎን ነው ማለት ግን አያስኬድም።

የዚህ ገደብ ትርጉም በይበልጥ የሚታየው በማኅሌት ላይ ነው። ደቡብ ጎንደር የዜማ አገር ነው፤ ድጓው በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ በዙር አምባ፣ የተክሌ አቋቋም ደግሞ በደብረ ታቦር። በአቋቋም ጊዜ መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ መቋሚያው ይወዛወዛል፣ ጸናጽሉ ይሰማል፣ ዝማሜው ወደ ጽፋት፣ ጽፋቱ ወደ ወረብ ሲሸጋገር ከበሮው በመካከል እየተዘዋወረ ይመታል። ዜማው ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ከሆነ ቅኔ ማኅሌቱ ራሱ በክብ ግድግዳ መካከል ያለ መተላለፊያ ነውና ድምፁ ከግድግዳው እየተመለሰ ከሁሉም ማዕዘን ይመጣል። እዚህ ላይ «ፊት ለፊት» የሚባል ነገር የለም። በአንድ ማይክሮፎን ቀድቶ ማስመሰያ መጫን የማኅሌቱን አንድ ቁራጭ ብቻ ማረም ነው፤ ግራውና ቀኙ ተቀላቅለው ይቀራሉ፤ ለአቋቋም ተመራማሪ ደግሞ ማን መራ፣ ማን ተቀበለ የሚለው ከዋናዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ለዚህ ሥራ ተራ የሆኑ ሁለት ማይክሮፎኖች፣ በትክክለኛ ቦታ ቆመው፣ ያለ ምንም ሶፍትዌር፣ ከአንድ ማይክሮፎንና ከ20 ዝነኛ ስሞች የተሻለ ማስረጃ ያስቀራሉ።

በነገራችን ላይ የከፍታ ጉዳይ አንዳንድ ጊዜ ይነሣል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኮንደንሰር ማይክሮፎን ከሽፋኑ በስተኋላ ባለው አየር ግትርነት ላይም ስለሚመሠረት ልኬቱ ከቦታ ቦታ ሊለወጥ ይችላል፤ ለጥሩ የመለኪያ ማይክሮፎን ለውጡ ከ1 ዴሲቤል በታች ነው። የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በአየሩ ሙቀት እንጂ በመሳሳቱ አይለወጥም። ስለዚህ ማስመሰያው በጉና ተራራ ግርጌ አይሠራም የሚል ሰው ቢኖር ምክንያቱን ከከፍታው ሳይሆን ከክፍሉ ይፈልግ። ማይክሮፎን የሚቀዳው መሰንቆውን ብቻ አይደለም፤ መሰንቆው የተመታበትን ቤት ጭምር ነው፤ ቤቱንም ማስመሰያው አያወጣውም።

ይህ ሁሉ ሲባል ሶፍትዌሩን ማጣጣል ተገቢ አይሆንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ማይክሮፎን ለመግዛት ገንዘብ ሲያጠራቅም የነበረ ቀራጭ ጉዞው በአንድ ክረምት በእጥፍ ረዘመበት። ለእርሱ የ30 ማይክሮፎን ጠባይ በአንድ ዕቃ ማግኘት ቅንጦት ሳይሆን መማሪያ ነው፤ ያላየውን ዩ 67፣ ያልነካውን ኤኬጂ ሲ 12 ቢያንስ በግምት ሊሰማ፣ ጆሮውን ሊያሠለጥን ይችላል። ችግሩ ሶፍትዌሩም የሚገዛው በዶላር፣ በዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ መሆኑ ነው፤ ብዙዎቹም ፈቃዳቸውን በኢንተርኔት የሚያረጋግጡ ናቸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቆየበት ወቅት፣ ፈቃዱ በመረብ የሚታደስ ሶፍትዌር ላይ ሥራውን የመሠረተ ሰው ምን እንደገጠመው መገመት ይቻላል። ተራ ማይክሮፎን ፈቃድ አይጠይቅም። ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ በየላፕቶፑ መገኘቱም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ ሕጋዊነቱ አከራካሪ አይደለም፣ አይፈቀድም፤ ለጥናት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ የትኛው ሥሪት እንደሆነ የማይታወቅ ሶፍትዌር ያደረገውን ለውጥ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ሊሠራው አይችልም።

ለውጡ በምን ላይ እንደሚወድቅ ለማየት የኢትዮጵያን የድምፅ ቅጂ ታሪክ በአጭሩ መቃኘት ይጠቅማል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅ በጀርመን አገር በሸክላ ሲቀረጽ ማይክሮፎን የሚባል ነገር በቀረጻ ሥራ ላይ አልዋለም ነበር፤ ዘፋኙ በቀንደ መለከት መሳይ ቱቦ ውስጥ ይዘፍናል፣ የድምፁ ጉልበት መርፌውን ያንቀሳቅሳል። በማይክሮፎን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ቀረጻ በዓለም የተስፋፋው ከ1925 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ስለዚህ የእኒያ ሸክላዎች ቃና የዘፋኙ ብቻ ሳይሆን የቱቦውም ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ አምሐ ሪከርድስን ሲመሠርት የተሠሩት ሸክላዎች በጥቂት ማይክሮፎኖች፣ ሙሉ ባንድ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ የተቀዳባቸው ናቸው፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ቅጂዎች ዓለም ሲያደንቃቸው ያደነቀው ያንን መጨናነቅ ጭምር ነው። ከዚያም ካሴት መጣ፤ ከቅጂ ቅጂ እየተገለበጠ የሻከረው የካሴት ድምፅ ለአንድ ትውልድ የመሰንቆ እውነተኛ ድምፅ እርሱ ሆኖ ቀረ። የማስመሰያ ሶፍትዌሮች ዝርዝር የበርሊንንና የቪየናን ማይክሮፎኖች ታሪክ በጥንቃቄ ጠብቋል። እነዚህ የእኛ ቃናዎች በዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ ለካቸው የተባለ ሰው ስለሌለ።

የዩ 47 ሞዴል እንኳ ሲጤን የአንድ ዕቃ ሥዕል ነው። ማይክሮፎኑ የሚሠራበት ቪኤፍ 14 የተባለው ቲዩብ መመረቱ ካቆመ ዘመን አልፎታል፤ ኖይማንም በ1960 ዩ 67ን በቦታው የተካው በዚሁ ምክንያት ነበር። በሕይወት ያሉት ዩ 47ዎች ካፕሱላቸው አርጅቷል፣ ተጠግነዋል፣ አንዱ ከሌላው ይለያል። ሶፍትዌሩ «ዩ 47» ሲል አንድ ባለንብረት ያለውን አንድ ማይክሮፎን፣ በአንድ ቀን እንደተለካ ማለቱ ነው። ይህን የሚያውቅ ተመራማሪ በቅጂው መግለጫ ላይ «በዩ 47 የተቀዳ» ብሎ አይጽፍም፤ የሶፍትዌሩን ስም፣ ሥሪቱን፣ የተመረጠውን ሞዴልና የመነሻውን ማይክሮፎን ይጽፋል።

ከመጻፉም በፊት ጥሬውን ቅጂ ይጠብቃል። በአማርኛ ድምፅን ለማስቀረት የምንጠቀምበት ግስ እንጨት ከምንጠርብበት ጋር አንድ ነው፤ «መቅረጽ» ነው፤ ከእንጨቱ የተጠረበውም አይመለስም። ሶፍትዌሩ በዚህ ረገድ ከቀረጻው በኋላ የሚሠራ በመሆኑ ዕድል ይሰጣል፤ ጥሬው እስካለ ድረስ ዩ 47ን መርጦ ነገ መተው ይቻላል። አደጋው የሚመጣው ማስመሰያው በቀረጻው ሰዓት በርቶ ውጤቱ ብቻ ሲቀመጥ፣ ወይም ቦታ ለመቆጠብ ጥሬው ሲሰረዝ ነው። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ለጥበቃ የሚሆን ቅጂ ቢያንስ በ48,000 ኸርትዝ ናሙናና በ24 ቢት እንዲቀመጥ፣ የማሻሻያ ሥራም በጥበቃ ቅጂው ላይ እንዳይሠራ ይመክራል። በዚህ መጠን የአንድ ሰዓት ባለአንድ መስመር ቅጂ 520 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ባለሁለት መስመሩ ከ1 ጊጋባይት በጥቂቱ ያልፋል። የአንድ ሌሊት ማኅሌት በአንዲት ፍላሽ ላይ ይገባል።

በዝርዝሩ ውስጥ የሌሉትን ማይክሮፎኖች መለካትም የሩቅ አገር ቤተ ሙከራ የሚጠይቅ አይደለም። ድምፅ የማያስተጋባ ክፍል ባይኖር ሜዳ አለ። በበጋ፣ ነፋስ ከመነሣቱ በፊት ባለው ማለዳ፣ ድምፅ ማጉያውንና ማይክሮፎኑን በ3 ሜትር ከፍታ፣ በ1 ሜትር ርቀት አቁሞ ከ20 እስከ 20,000 ኸርትዝ የሚንሸራተት ድምፅ ማሰማት ይበቃል። ከመሬት የሚመለሰው የመጀመሪያው ሞገድ 6 ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከቀጥተኛው ድምፅ 15 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ያለውን ቁራጭ ለይቶ ማስላት ከ70 ኸርትዝ በላይ ያለውን የማይክሮፎኑን ጠባይ ይሰጣል፤ ማይክሮፎኑን በየ15 ዲግሪው እያዞሩ መድገም ደግሞ የአቅጣጫውን። ለማነጻጸሪያ አንድ የታወቀ የመለኪያ ማይክሮፎን ያስፈልጋል። በአንድ ማለዳ ሦስት ወይም አራት አሮጌ ማይክሮፎን ሊለካ ይችላል፤ የመሰንቆ ዝቅተኛው ድምፅም ከ70 ኸርትዝ በላይ ነው።